የሐዋሳው ሶላር ሴልና የቡና አገር የማታ ኃይል

የሶላር ፓነል ለአገልግሎት የሚበቃው አምስት ደረጃዎችን አልፎ ነው። ሲሊከን ይጣራል፤ ቀልጦ በዘንግ መልክ እንዲረጋ ይደረጋል፤ ዘንጉ የሚሊሜትር አንድ አምስተኛ እንኳ በማይሞላ ውፍረት ተሸንሽኖ ዌፈር ይሆናል፤ ዌፈሩ በኬሚካልና በከፍተኛ ሙቀት ተሠርቶ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሴል ይወጣዋል፤ በመጨረሻ ሴሎቹ ከመስታወትና ከአሉሚኒየም ፍሬም ጋር ተገጣጥመው ፓነል ይሆናሉ። በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ከዓለም ምርት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የቻይና ነው። የቀረውን ለመካፈል የሚደረገው ሽሚያ ኢትዮጵያንም ወደዚህ ኢንዱስትሪ አስገብቷታል።

የመጀመሪያው ሙከራ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነበር። በ2005 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ከስካይ ኢነርጂ ኢንተርናሽናል ጋር በመሆን በዓመት 20 ሜጋዋት ፓነል መገጣጠም የሚችል ፋብሪካ በአዲስ አበባ ከፈተ። ገበያውን ግን ዛሬም የያዘው ከውጭ ተሠርቶ የሚገባው ፓነል ነው። ሁለተኛው አጀማመር በመጠንም በዓላማም ሌላ ነው። ቶዮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2017 ዓ.ም. በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ60 ሚሊዮን ዶላር በዓመት 2 ጊጋዋት ሴል የሚያመርት ፋብሪካ እንደሚያቋቁም አስታወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ አቅሙን ወደ 4 ጊጋዋት አሳደገ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። ፀሐይ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለምትሠራ ሁለቱን ቁጥሮች እኩል መመዘን ባይቻልም፣ ከአንድ የሐዋሳ ፓርክ በየዓመቱ ሊወጣ የሚችለው የሴል ብዛት ቀላል አይደለም።

ይህ ሴል ግን በዋናነት የተሠራው ለአሜሪካ ገበያ ነው። ዌፈሩ ከውጭ ይገባል፣ ሐዋሳ ላይ ሴል ይሆናል፣ ከዚያ ፓነል ለመሆን ወደ ውጭ ይላካል። የፋብሪካው አመጣጥም ከታሪፍ ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካ ከቬትናም፣ ከታይላንድ፣ ከማሌዢያና ከካምቦዲያ በሚገቡ የሶላር ምርቶች ላይ ከባድ የፀረ ርካሽ ሽያጭ ቀረጥ ስትጥል፣ አምራቾች ቀረጡ ያልደረሰበት አገር ፈለጉ። ኢትዮጵያ ደግሞ የተዘጋጀ ሼድ፣ ሠራተኛና በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ርካሽ ኤሌክትሪክ ነበራት። ሴል ማምረት ብዙ ኃይልና የተጣራ ውኃ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ የመጨረሻው ምክንያት ቀላል ግምት የሚሰጠው አልነበረም።

ፋብሪካው የውጭ ምንዛሪና ሙያ ማስገኘቱ ተገቢ ዋጋ ሊሰጠው ይገባል። ይሁንና የሐዋሳ ፓርክ ከዚህ በፊት ያየው አለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የአሜሪካው ልብስ አምራች ፒቪኤች ፓርኩን ለቅቆ ሲወጣ፣ ቀጥሎም ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል (አጎዋ) ተጠቃሚነት ስትሰረዝ፣ በአንድ ሩቅ ገበያ ላይ የቆመ ፋብሪካ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ በግልጽ ታይቷል። የሶላር ኢንዱስትሪው በአገር ውስጥም ደንበኛ ካላገኘ የሚጠብቀው ዕጣ ከዚህ ብዙ አይለይም።

የአገር ውስጥ ደንበኛው ማን እንደሆነ ለማየት ቤንች ሸኮና ሸካ ዞኖች ጥሩ ቦታ ናቸው። በሸኮ ወረዳ፣ በሚዛን አማን ዙሪያና በቴፒ ኑሮው ቡና ነው፤ በበቃና ቴፒ ሰፋፊ እርሻዎች፣ ከእነሱ ባሻገር በየጫካው ጥላ ሥር ያለ የገበሬ ማሳ። ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ወደ ውጭ ልካ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ያህል አግኝታለች። በዚህ ገቢ ውስጥ የታጠበ ቡና ከጀንፈል የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ለማጠብ ግን ኃይል ያስፈልጋል።

ቡናው የሚታጠብበት የመፈልፈያ ጣቢያ የኃይል አጠቃቀም ግን ከፀሐይ ጋር የሚጣጣም አይደለም። ለቃሚው ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ይውላል፤ እሸቱ ወደ ጣቢያው የሚደርሰው ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ነው። ቀይ እሸት ካደረ ይሞቃል፣ ሳይታሰብ መፍላት ይጀምራል፣ ደረጃውም ይወርዳል። ስለዚህ መፈልፈያውና የውኃ ፓምፑ የሚሠሩት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ አንዳንዴ እስከ እኩለ ሌሊት ነው። መስመር ባልደረሰበት ወይም በሚቆራረጥበት ቦታ ይህን ሥራ የሚሸከመው የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ባትሪ የሌለው ሶላር ለዚህ ጣቢያ ከቢሮ መብራትና ከስልክ ቻርጅ ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። በቡና አገር ስለ ሶላር ማውራት ስለ ባትሪ ማውራት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ፓምፑንና መፈልፈያውን ጨምሮ 15 ኪሎዋት የሚወስድ ጣቢያ በየማታው 6 ሰዓት ቢሠራ 90 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚገኝ፣ ይህ በአንድ ማታ 30 ሊትር፣ በ100 የሥራ ማታ 3 ሺሕ ሊትር ነው። ያንኑ ኃይል በባትሪ ለማግኘት በመሀል የሚባክነውን ጨምሮ 105 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የሚይዝ ባትሪና 30 ኪሎዋት ገደማ ፓነል ያስፈልጋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የሊቲየም ባትሪ ጥቅል የዓለም አማካይ ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 115 ዶላር ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ከ1 ሺሕ ዶላር በላይ ነበር። ባትሪው ብቻ፣ ከኢንቨርተርና ከማጓጓዣ ውጭ፣ 12 ሺሕ ዶላር ያህል ይሆናል ማለት ነው።

ባትሪው 15 ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት ለ100 ማታ ብቻ ሲሠራ የሚያወጣው ኃይል 135 ሺሕ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 9 የአሜሪካ ሳንቲም የባትሪ ወጪ ይሸከማል። ይኸው ባትሪ በዓመት 300 ማታ ቢሠራ ወጪው ወደ 3 ሳንቲም ይወርዳል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ብዙ ሺሕ ጊዜ ተሞልቶ መውጣት ስለሚችል 4,500 ዙር ከአቅሙ በላይ አይደለም። ለቡና ብቻ የሚያገለግል ባትሪ ግን ሳይሠራበት ያረጃል። እዚህ ላይ ነው የብዙ ፕሮጀክት ሒሳብ የሚበላሸው፤ መሣሪያው ለመከር ተገዝቶ ስምንትና ዘጠኝ ወር ሥራ ፈት ይሆናል። ቀድሞ የነበረው የሊድ አሲድ ባትሪ በጥልቀት ከተጠቀሙበት ጥቂት መቶ ዙር ብቻ ስለሚቆይ ጥያቄው እንኳ አይነሣም ነበር።

መፍትሔው ጣቢያውን የመንደሩ ሚኒ ግሪድ (አነስተኛ የኤሌክትሪክ መረብ) ዋና ደንበኛ ማድረግ ነው። መከሩ ሲያልቅ ያው ባትሪ የቤቶችን መብራት፣ የጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣና ሱቆችን ማታ ያገለግላል፤ እህል ወፍጮና የኮረሪማ፣ የዝንጅብልና የእርድ ማቀነባበሪያ ደግሞ ቀን ላይ በቀጥታ ከፓነሉ ሊሠሩ ይችላሉ። ቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ስለሆነች ይህ ሩቅ ሐሳብ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 35 በመቶ የሚሆነውን ሕዝብ ከዋናው መስመር ውጭ ባለ ኃይል ለማዳረስ ዐቅዶ ነበር፤ የዓለም ባንክም በ2021 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነት ሥራ 500 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። በ2025 እ.ኤ.አ. ሁሉንም ለማዳረስ የተቀመጠው ግብ ግን አልተሳካም።

የአካባቢው አየር ጠባይም በሒሳቡ መግባት አለበት። ደቡብ ምዕራብ በአገሪቱ ረጅሙ የዝናብ ወቅት ያለበት ምድር ነው፤ እንደ አፋርና ሶማሌ ያለ ብርሃን አይጠበቅበትም። ደግነቱ ዋናው የእሸት ግዥ የሚካሄደው ዝናቡ እየቀነሰ ሲሄድ ነው። በቆላማው የቴፒ በኩል ግን እሸቱ ቀድሞ ስለሚደርስ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደመና ሥር ያልፋሉ፤ ለእነዚያ ቀናት ጄኔሬተሩን በመጠባበቂያነት ማቆየት ባትሪውን በእጥፍ ከማሳደግ ይረክሳል። ፓነል ለመትከል ተብሎ የሚቆረጥ ዛፍም መኖር የለበትም። የቡናው ጥላ ደን ነው፤ የሸካ ደን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው። የመጋዘን ጣሪያና በማድረቂያ አልጋዎች ዙሪያ ያለው ገላጣ ቦታ ይበቃል።

ከዚህ ተነሥቶ ለአገር ውስጥ ፋብሪካ የሚያዋጣው ደረጃ የቱ ነው? ሲሊከን ማጣራትና ዌፈር መሸንሸን ግዙፍ ካፒታል ይጠይቃሉ። በሰንሰለቱ መጨረሻ ያሉት ሥራዎች፣ ማለትም ሴልን ፓነል ማድረግ፣ የሊቲየም ሴሎችን ከመቆጣጠሪያ ሰርኪት ጋር አጣምሮ የባትሪ ጥቅል መሥራት፣ የመትከያ ብረቱንና ሳጥኑን ማምረት፣ በአነስተኛ ካፒታል የሚጀመሩ ናቸው። መስታወትና ፍሬም የተገጠመለት ፓነል ከባድና ቦታ የሚይዝ ዕቃ በመሆኑ ከጅቡቲ እስከ ሚዛን ያለው መንገድ ዋጋውን ያንረዋል፤ ሴል ግን ቀላል ነው። ከሐዋሳ ምርት ጥቂት በመቶው እንኳ በአገር ውስጥ ተገጣጥሞ ቢሸጥ ለብዙ መቶ ጣቢያዎች ይበቃል። በጉጂ ቀንጢቻ የሊቲየም ማዕድን መኖሩ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ከማዕድን እስከ ባትሪ ሴል ያለው የማጣራት ሥራ ግን ረጅም ስለሆነ የጥቅል መገጣጠሚያው እሱን መጠበቅ የለበትም።

ፋብሪካ የሚከፍት ባለሀብት የሚፈልገው የተረጋገጠ ትእዛዝ ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረና የናፍጣ ድጎማ ከተቀነሰ ወዲህ፣ ጄኔሬተርን በሶላርና ባትሪ መተካት ለቡና አቅራቢው የትርፍ ጉዳይ ሆኗል። የጎደለው ፍላጎቱን በአንድ ላይ ማሰባሰብ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ለብቻው ሲገዛ በችርቻሮ ዋጋ ይገዛል፣ ጥገና የሚሰጠውም አያገኝም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከዞኖቹ የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ጋር ሆኖ የመፈልፈያ ጣቢያዎችን የማታ የኃይል ፍላጎት በኪሎዋት ሰዓት ይመዝግብ፤ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የጥገና ባለሙያ ያሠልጥን፤ ባንኮችም ብድሩ የሚመለስበትን ጊዜ ከቡና ሽያጩ ወራት ጋር ያጣጥሙት። መዝገቡ ለአምራቾች በይፋ መቅረብ ያለበት ከሚቀጥለው የእሸት ግዥ በፊት ነው።