ቲፎዞና ተቀናቃኝ፦ ከገና ሜዳ እስከ ቅርጫት ኳስ ሜዳ

በዚህ ሳምንት እንድጽፍ የተሰጠኝ ርዕስ «ስፖርትና ጤንነት» የሚል ነበር። ነገር ግን ባለፈው ቅዳሜ በቅርጫት ኳስ ሜዳችን ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ከጥፋተኞቹ አንዱ፣ እንዲያውም ዋናው፣ እኔ ስለነበርኩ ርዕሴን አስቀይሬ ስለ ቲፎዞነት ለመጻፍ ተነሳሁ።

ላላያችሁት ባጭሩ ላስረዳ። ግጥሚያው በላይኛውና በታችኛው ማደሪያ መካከል ነበር። እንደምታውቁት በላይኛው ማደሪያ የመንዝና የግሼ ልጆች እንበዛለን፤ በታችኛው ደግሞ የመርሐቤቴ ልጆች ይበዛሉ። እስከ ዕረፍት ድረስ ጨዋታውም ጩኸቱም አምሮ ነበር። እኛ «ቆለኛ፣ ብርድ ያዘህ ወይ?» ስንል እነሱ «በርኖስህን አውልቀህ ዝለል!» ይሉናል። ይሄ ያስቃል እንጂ ማንንም አያስቀይምም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግን ነጥቡ ተቀራረበ። አንድ የመርሐቤቴ ልጅ ሁለት የቅጣት ኳስ ሊወረውር ቆመ። እኔም ከሜዳው ጠርዝ ሆኜ ስለ ቤተሰቡ ችግር የማውቀውን ነገር አንስቼ ጮህኩበት። ነገሩን የነገረኝ እኮ ራሱ ነው፤ ማታ ማታ አብረን ስናጠና። ልጁ ሁለቱንም ኳስ ሳተ። የእኛ ወገን ሳቀ፣ አጨበጨበልኝ። በአንድ ነጥብም አሸነፍን።

ከዚያን ቀን ወዲህ እኔና እሱ በአንድ ገበታ አልቀረብንም። ማደሪያዎቹም ተኮራርፈዋል። ታዲያ «ምን አጠፋሁ? ቲፎዞ አይደለሁም እንዴ?» ብዬ ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። ለመሆኑ ቲፎዞነት ምንድን ነው? ተቀናቃኝነትስ ከየት ይመጣል? መጽሐፍ አገላብጬ፣ መምህራንን ጠይቄ፣ አገር ቤት ያየሁትንም አስታውሼ ያገኘሁትን እነሆ።

«ቲፎዞ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ሥሩን ስንከተል የምናገኘው የበሽታ ስም ነው፤ እኛ ተስቦ የምንለውን። የኳስ ፍቅር ሰውን እንደ ተስቦ ያተኩሰዋል፣ ያስለፈልፈዋል፣ ካንዱም ወደ ሌላው ይጋባል ለማለት ይመስላል። ቅዳሜ ዕለት እኔን ያስለፈለፈኝ ይኸው ትኩሳት መሆኑ ነው።

ወደ ቅርጫት ኳስ እንምጣ። ይህ ጨዋታ የተወለደው በማሠልጠኛ ውስጥ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ጊዜው ታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1891) ነው። በአገራችን ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ገና ያላባራበት ዘመን ነበር። በአሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ፣ እኛ ወወክማ ብለን የምናውቀው ማኅበር የአሠልጣኞች ማሠልጠኛ ነበረው። ክረምቱ በረዶ ስለሆነ ደጅ መጫወት አይቻልም። አሥራ ስምንት ሠልጣኞች ያሉበት አንድ ክፍል በቤት ውስጥ ስፖርት ተሰላችቶ መምህራኑን አስቸገረ። በመጨረሻ ክፍሉ ጄምስ ኔይስሚዝ ለሚባል የ30 ዓመት ካናዳዊ መምህር ተሰጠው። አዲስ ጨዋታ እንዲፈጥርም የሁለት ሳምንት ጊዜ ተቆረጠለት።

ኔይስሚዝ መጀመሪያ እግር ኳስንና ሌሎችንም በአዳራሽ ውስጥ ሞከረ፤ ልጆቹ ግን እየተጋጩ ተጎዱ። ስለዚህ አሰበ። ኳስ ይዞ መሮጥ ከተከለከለ ሯጩን ጠልፎ የሚጥል አይኖርም። ግቡ ከራስ በላይ ከተሰቀለም ኳሷን በጉልበት መለጋት አይጠቅምም፤ ዓይንና እርጋታ ይጠይቃል። የሕንፃውን ጠባቂ ሁለት ሣጥን እንዲሰጠው ቢጠይቀው ያገኘለት ሁለት የኮክ ቅርጫት ነበር። ቅርጫቶቹን በአዳራሹ ሰገነት ላይ፣ ከወለሉ 3.05 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መታቸው። የቀለበቱ ከፍታ ዛሬም ይኸው ነው። አሥራ ሦስት ሕጎችም ጻፈ። ከነዚህ አንዱ በትከሻ መግፋትን፣ መያዝን፣ ጠልፎ መጣልንና መምታትን ይከለክላል። እንግዲህ ጨዋታው ከመነሻው የተፈጠረው የሚጋጩ ሠልጣኞችን ሳይጎዳዱ ለማፎካከር ነው ማለት ነው። ሕጎቹ መጀመሪያ ታትመው የወጡትም በዚያው ትምህርት ቤት ጋዜጣ ላይ ነበር። የትምህርት ቤት ጋዜጣን የሚንቅ ካለ ይህን ይስማ!

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መጋቢት 1884 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1892)፣ ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ታየ። ተጋጣሚዎቹ እነማን ነበሩ ቢባል፣ ሠልጣኞችና መምህራን ናቸው። ወደ 200 ተመልካች በተገኘበት ሠልጣኞቹ 5 ለ 1 አሸነፉ። የቅርጫት ኳስ ቲፎዞ የተወለደው ያን ቀን ነው ቢባል አልተሳሳትንም። ኔይስሚዝ በኋላ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1907 (እ.ኤ.አ.) ቡድን አሠልጥኗል። እዚያ 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸንፏል። የጨዋታው አባት እንኳ ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጣል። መሸነፍ ነውር ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን ማን ያነሳው ነበር?

አሁን ተቀናቃኝነት እንዴት እንደሚገነባ እንመልከት። በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ስማቸው በጣም ከሚነሳው ተቀናቃኞች መካከል ሁለት የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ዱክና ኖርዝ ካሮላይና። በመካከላቸው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንዱ የግል፣ ሌላው የመንግሥት ነው። የሁለቱም ቀለም ሰማያዊ ሲሆን አንዱ ጠቆር፣ ሌላው ፈካ ያለ ነው። መጀመሪያ የተጋጠሙት በ1920 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይገናኛሉ። የዱክ አዳራሽ ዘጠኝ ሺህ ሰው ገደማ ብቻ የሚይዝ ስለሆነ ተማሪዎቹ ቦታ ለማግኘት በብርድ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) በአገር አቀፉ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ተገናኝተው ኖርዝ ካሮላይና 81 ለ 77 አሸነፈ። በዚያ ውድድር ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ስለነበር እስከ ዛሬ ይወራል።

ከዚህ ምሳሌ ተነስተን የተቀናቃኝነትን መሠረቶች እንዲህ መዘርዘር ይቻላል፦

ሀ) ጉርብትና። ሰው የሚፎካከረው ከማያውቀው ጋር አይደለም። ገበያ ላይ ከሚያገኘው፣ ክፍል ውስጥ አጠገቡ ከሚቀመጠው ጋር ነው።

ለ) የኃይል መመጣጠን። ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ቡድን ተመልካች እንጂ ቲፎዞ አያፈራም። ውጤቱ ቀድሞ የታወቀ ከሆነ ማን ይጮሃል?

ሐ) የታወቀ ቀንና ትዝታ። ግጥሚያው በየጊዜው ይደገማል፣ ያለፈው ይወራል፣ የተሸነፈም «ቆይ ዘንድሮ» ይላል።

መ) የጋራ ነገር። ይሄኛው የሚረሳ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚጋሩት ሜዳ፣ ዳኛና ሕግ ከሌለ ተቀናቃኝነት የሚባል ነገር የለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህንኑ እናገኛለን። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ብዙ ተቀናቃኝ አይቷል። ሆኖም ከእሱ በኋላ የመጣው ኢትዮጵያ ቡና ሲገጥመው አዲስ አበባ ለሁለት የምትከፈል ይመስላል። ታዲያ ሁለቱም ለረጅም ዓመታት የተጫወቱት በአንዱ በአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ብሔራዊ ቡድናችን በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ፣ ሲበሻሸቁ የኖሩት የሁለቱ ቡድን ቲፎዞዎች በአንድ መንገድ ላይ ተቃቅፈው ጨፍረዋል። ተቀናቃኝ ማለት እንዲህ ነው፤ ዛሬ ይበሽቃል፣ ነገ አብሮ ይጨፍራል።

የእኛ ደጋ ሰውማ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለም። ጥንት የአስቦና የጌራ ወገኖች የጓሳን ሣር ሁለት ሆነው እንደ አንድ ሲጠብቁት ኖረዋል። አለቃ መርጠው፣ ሣሩ የሚከለልበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ በጋራ ወስነው ማለት ነው። ወገን መለየቱ ሕግ ከማክበር አላገዳቸውም። የገና ጨዋታንም አስቡት። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር፣ አንዱ አጥቢያ ከሌላው አጥቢያ፣ ጫፉ የታጠፈ ዱላውን ይዞ ሩሯን ሲያሯሩጥ ይውላል። በዚያ ሜዳ ጌታና ሎሌ የለም፤ ባለጸጋውም ቢመታ አይቆጣም። ያሸነፈው ወገን በግጥም ይሳደባል፣ የተሸነፈውም ሰምቶ ይስቃል፤ ለከርሞ መልሱን ያዘጋጃል። ልጅ ሆኜ እንዳየሁት ግን በዚያ ሜዳ የሚሰደበው ሰውየው በጨዋታው ያሳየው ነገር ነው። መሮጥ አቃተው፣ ሩሯ አለፈችው፣ ዱላው አየር መታ ይባላል። ሰው በምሥጢር ያዋየህን አውጥተህ በአደባባይ ብትዘራ ግን የገና ሽማግሌዎች ዱላህን ተቀብለው ከሜዳ ያስወጡሃል። እኔ ቅዳሜ ዕለት ያፈረስኩት ይህንን አጥር ነው።

አጥሩ ሲፈርስ ምን እንደሚመጣ አገራችን አይታለች። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ በወልድያና በመቀሌ ቡድኖች ግጥሚያ ሰበብ በተነሳው ረብሻ ሰው ተጎዳ፣ ንብረት ጠፋ። ጩኸቱ ስለ ኳስ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰው ትውልድ ሲሆን ዳኛ በፊሽካ አያቆመውም። የእኛ ነገር ከዚያ ጋር አይወዳደርም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ሁሉም የሚጀምረው ከአንድ ሰው አፍ ነው።

በተለይ እኛ እጩ መምህራን ነን። ነገ ከነገ ወዲያ እኔ የመንዙ ልጅ ዓለም ከተማ አካባቢ፣ እሱ የመርሐቤቴው ልጅ መሐል ሜዳ ወይም ራቤል ልንመደብ እንችላለን። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ይሰጠናል። ልጆቹን ለሁለት ከፍለን ኳስ ስንወረውርላቸው ከእኛ የሚማሩት አወራወሩን ብቻ አይደለም፤ አጯጯሁንም ነው። እኔ የጮህኩትን አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ በጓደኛው ላይ ቢጮህ ምን ብዬ ልቆጣው ነው?

ስለሆነም ቲፎዞነቱ ይቅር አልልም። በቅርጫት ኳስ አምስት ተጫዋች ሜዳ ይገባል፤ ስድስተኛው ደጋፊው ነው ይባላል። ስድስተኛው ሰው እንዲጠነክር የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ፦

አንደኛ፣ የማደሪያዎቹ ግጥሚያ በየመንፈቁ በታወቀ ቀን ይሁን። ውጤቱም በዚህ ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ለሚቀጥሉት ሠልጣኞች ይቆይ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ወገን የቲፎዞ አለቃ ይምረጥ። አለቃው ዘፈኑን ያወጣል፣ ከመስመር የወጣውንም ዝም ያሰኛል። አለቃውን ያልሰማ በሚቀጥለው ግጥሚያ ሜዳው አጠገብ አይቆምም።

ሦስተኛ፣ ብሽሽቁ ስለ ጨዋታው ይሁን። የቅጣት ኳስ ሲወረወር ጩኹ፣ አጨብጭቡ፣ ጣሳ ምቱ። ነገር ግን የሰው ቤት፣ የሰው ወላጅ፣ በጓደኝነት የተነገረ ምሥጢር ሜዳ አይገባም።

አራተኛ፣ ከግጥሚያው በኋላ ያሸነፈው ማደሪያ ቡና ያፍላ፣ የተሸነፈውም መጀመሪያ ይቀበል፤ ግጥም ያለው እዚያ ይግጠም።

አምስተኛ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱ ማደሪያዎች አንድ ቡድን ሆነው መምህራንን ይግጠሙ። ክቡራን መምህራን፣ የ1884ቱን ውጤት ከላይ ጽፌዋለሁና ከወዲሁ ልምምድ ጀምሩ!

በመጨረሻም ለወንድሜ። ስምህን እዚህ አልጽፍም፣ አንተ ታውቀዋለህ። የሰደብኩህ በአደባባይ ነውና ይቅርታ የምጠይቅህም በአደባባይ ነው። ያን ቀን ያሸነፍነው በአንድ ነጥብ ነው፤ አንተ የሳትከው ደግሞ ሁለት ነው። ዝም ብልህ ኖሮ ማን እንደሚያሸንፍ አላውቅም፤ ለማወቅ ግን እፈልጋለሁ። ስለዚህ ማደሪያችንን አማክሬ፣ ውጤቱ ተሰርዞ ግጥሚያው በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲደገም ተስማምተናል። ሁለቱን የቅጣት ኳስ ስትወረውር እኔ ጠርዝ ላይ እገኛለሁ። እጮሃለሁ፤ የምጮኸው ግን ለራሴ ቡድን ነው።

በጽሑፉ ላይ አስተያየት ያላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ከሥሩ ለጥፉልኝ።