ትንፋሽ ያጠረው ሞተር

በመጋቢት በፎገራ፣ በቁሐር ሚካኤል በኩል ያለፈ ሰው የሽንኩርቱን ማሳ ሳያይ በፊት ድምፁን ይሰማል፤ ጧ ጧ ጧ የሚለውን የአንድ ሲሊንደር ሞተር። የፎገራን ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ያጥለቀልቁታል፤ ሩዙ የሚያድገው በዚያ ውሃ ነው። ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ሲደርቅ ተራው የሽንኩርትና የቲማቲም ይሆናል፤ ያን ጊዜ ውሃ ማሳ የሚደርሰው በሞተር ጉልበት ነው። ወረታ ሲገቡ ደግሞ የሩዝ መፈልፈያው፣ ባጃጁ፣ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን የሚጀምረው አይሱዙ አለ። ስለ ፎገራ ሩዝ ብዙ ተጽፏል። እኔ ማስተዋወቅ የምፈልገው እነዚህን ሁሉ ሞተሮች ሳይፈቱ የምትመረምረውን ትንሽ መሣሪያ ነው፦ ኮምፕሬሽን መለኪያዋን።

ኮምፕሬሽን ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን ጨምቆ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ቤንዚን ሞተር ኮምፕሬሽኑ ሲወርድ ጉልበት ያጣል። ናፍጣ ሞተር ጭራሽ አይነሳም፤ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሳይሆን የተጨመቀው አየር ግለት ነውና። ቤንዚን ሞተር ላይ መለኪያዋ በካንዴላው ቀዳዳ ትገባለች፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ቀስቷ ቁጥር ታሳያለች። አሠራሩ ይኸው ነው። ጣጣው የሚመጣው ከቁጥሩ በኋላ ነው።

በዚህ አገር ስንቱ ደህና ሞተር በቁጥር ምክንያት እንደወረደ ሳስብ ያንገበግበኛል። አንድ ፒክአፕ አስታውሳለሁ። ባለቤቱ መኪናው ዳገት እምቢ ቢለው ጋራዥ ወሰደው፤ ተለካ፤ አራቱም ሲሊንደሮች 9.5 ባር አካባቢ ሰጡ። የአምራቹ መጽሐፍ 12 ይላል። «የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ሞተር ይወርዳል» ተባለ። ሰውየው ገንዘብ ሊበደር ሲዞር ነው ያገኘሁት።

ነገሩ ወዲህ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው 12 ባር የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው፤ ለጅቡቲ ወደብ ይሠራል። ወረታ ግን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ግፊቱ የባሕር ጠረፉ 80 በመቶ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ሳስቶ የገባውን አየር ነው የሚጨምቀው፤ የሌለውን ከየት ያመጣል? ስለዚህ 12ን በ0.8 ስታባዙት 9.6 ይመጣል፤ ያ ፒክአፕ የሰጠው ያንኑ ነው ማለት ይቻላል። ያው መኪና፣ በዚያው ቀን፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ታቦር ወጥቶ ቢለካ 8.6 ቢያሳይ አይድነቃችሁ። በሁለት ሰዓት መንገድ ፋሻ አያልቅም።

ከሁሉም በላይ ያ ጋራዥ ያላየው የአራቱን መመሳሰል ነው። ብዙ ሲሊንደር ያለው ሞተር ሲለካ መጀመሪያ መታየት ያለበት በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ድረስ ከሆነ ያስኬዳል። አንዱ ብቻውን ከወደቀ ሕመሙ እዚያው ሲሊንደር ውስጥ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ከወደቁ በመካከላቸው ያለውን ጋርኒሽን ጠርጥሩ። አራቱ እኩል ቆመው ግን ሞተሩን ሞቷል ማለት ምርመራ አይባልም። የፒክአፑ ችግር የተደፈነ የነዳጅ ፊልተር ነበር።

ቁጥሩን የሚያበላሸው ከፍታው ብቻ አይደለም። ባትሪው ከደከመ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ሞተሩ ሳይሞቅ የተለካ አይታመንም። ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ሳይረግጡ መለካት ደግሞ የሰውን አፍንጫ ይዞ «ተንፍስ» እንደ ማለት ነው። ለቤንዚን የተሠራችውን መለኪያ ናፍጣ ሞተር ላይ የሚያስሩም አይቻለሁ፤ ናፍጣ 25 እና 30 ባር የሚገፋ ነው፣ መለኪያዋን ይገድላታል። እባካችሁ አታድርጉት።

አሁን ወደ ቁሐር ሚካኤል ልመለስ፤ እዚያ ያለው ሞተር የሚያወዳድሩት ጎረቤት የለውም፤ ሲሊንደሩ አንድ ነው።

አንድ አባወራ ሽንኩርታቸው ውሃ በሚጠማው ወቅት ትንሽዬ ቤንዚን ፓምፓቸው አልነሳ አለቻቸው። ገመዱን ሲስቡት እንደ ባዶ ነገር ይመጣል። ተለክቶ 2 ባር ተብሏል። «የኔ ልጅ፣ ሞቷል ካላችሁኝ ወይፈኑን ለገበያ አወጣዋለሁ» አሉኝ። «እስቲ ወይፈኑን ያቆዩልኝ አባቴ፣ መጀመሪያ ነፋሱ በየት እንደሚወጣ እንስማ» አልኳቸው።

እነዚህ በገመድ የሚነሱ ትንንሽ ሞተሮች፣ ብዙዎቹ፣ ገመዱ እንዲቀል ሆን ተብሎ የተሠራ ነገር አላቸው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ጭስ ማውጫ ቫልቩን በጥቂቱ ከፈት ያደርጋል፤ ፍጥነት ሲያገኝ ይለቀዋል። ስለዚህ በገመድ የተለካ ቁጥር ጤነኛም ሆነው ዝቅ ይላል። 2 ግን ለዚያም ያንሳል።

ፓምፕዋን ይዘን ወረታ ጎሚስታ ቤት ሄድን። ጎማ የሚነፉበት ኮምፕረሰር ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ የአሮጌ ካንዴላ ቀፎ ላይ የጎማ መንፊያ አፍ ማስበየድ ብቻ ነው። ፒስተኑን ሁለቱም ቫልቮች በሚዘጉበት ሰዓት ጫፍ ላይ ታቆማላችሁ፣ መዞሪያውን አጥብቃችሁ ትይዛላችሁ (ነፋሱ ፒስተኑን በኃይል ስለሚገፋው እጅ ይሰብራል፣ ልጆችን አርቁ)፣ ከዚያ ነፋሱን ከፍታችሁ ጆሮ ትሰጣላችሁ። በካርቡሬተሩ በኩል ሽሽ ካለ አየር ማስገቢያው ቫልቭ ነው። በማርሚታው ካለ ጭስ ማውጫው ቫልቭ። በዘይት መሙያው ካለ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ። ራዲያተር ያለው ሞተር ውሃው ከተንቦገቦገ ጋርኒሽኑ። በዘይት መሙያው ትንሽ መተንፈስ ግን የጤነኛም ወግ ነው፤ እሱን ብቻ ሰምታችሁ አትደንግጡ።

የሳቸው በማርሚታው ነበር፤ ጥርት ያለ ፉጨት። የቫልቩን ክዳን ስንከፍት ክፍተቱ ጠፍቷል። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል እንደ ሞተሩ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ክፍተቱ ያልቃል፤ ቫልቩም ሙሉ በሙሉ መዝጋት ያቅተዋል። አንዲት ብሎን ፈትተን አስተካከልናት። በገመድ ስንለካት 4.5 ሰጠች፤ በሦስተኛው ጉተታ ተነሳች።

ኮምፕረሰር የሌለበት ቦታ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዘይቱ ፋሻውን ለጊዜው ደፍኖታል፣ ያለቀው ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጋርኒሽን። ሲሊንደሩ ጋደም ያለ ሞተር ላይ ግን ዘይቱ ወደ ታችኛው ጎን ብቻ ስለሚተኛ ያሳስታል፤ ለናፍጣ ሞተርም ይህን ዘዴ አልመክርም። ያገለገለ ሞተር የምትገዙም ልብ በሉ፦ ይህንኑ ማንኪያ ሻጭ ቀድሟችሁ ሊጠቀምበት ይችላል። ለክታችሁ ስትጨርሱ ሞተሩን ሩብ ሰዓት አሠርታችሁ ደግማችሁ ለኩ።

ለመጠገን ወይስ ለመቀየር? ክፍተት ማስተካከል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ቫልቭ መፍጨትና ጋርኒሽን መቀየር የአንድ ቀን። ፋሻ ብቻውን መቀየር የሚያዋጣው ሲሊንደሩ ሳይቧጠጥ ከቆየ ነው፤ ከተቧጠጠ ቶርኖ ቤት መግባቱ ነው፤ ያን ጊዜ ዋጋውን ከአዲስ ጋር አነጻጽሩ። ኮሎውም (ክራንክሻፍቱም) ከተበላ ትንሿን ፓምፕ ቀይሯት። ሽንኩርቱ እየጠወለገ ከሆነ ደግሞ ለሳምንቱ ፓምፕ ተከራዩ፤ በጥድፊያ የተወሰነ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ወይፈን ያስሸጣል።

የአየር ማጣሪያውን «ይተንፍስ» ብላችሁ የምታወልቁ ሰዎች ላይ ግን አዝናለሁ። የሩዝ ገለባ ሲቃጠል ከአመዱ 80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሲሊካ ነው፤ የአሸዋ ወገን። መፈልፈያ ቤት ውስጥ የሚበነው ብናኝ የዚያው ገለባ ነው። ያለ ማጣሪያ የሚሠራ ሞተር ሲሊንደሩን በአሸዋ እየሞረደ ነው።

አባወራው ፓምፓቸውን ከማንሳታቸው በፊት ምስማር ጠየቁኝ። ነዳጅ ጋኑ ላይ ቀለሙን እየፋቁ ቀኑንና «4.5»ን ጻፉበት፤ ከሥሩም ለሚቀጥለው ዓመት ባዶ ቦታ ተዉ።