ታካሚ ሳይወጣ የሚታደስ ሆስፒታል

ትልቅ ሆስፒታል ለእድሳት ተብሎ በሩን አይዘጋም። አንደኛው ክንፍ ሲፈርስ በሌላኛው ቀዶ ሕክምና ይካሄዳል። ሁለቱን የሚለየው ጊዜያዊ ግድግዳ ነው። አላፊ አግዳሚው ፍርስራሹን ከዓይን ለመከለል የቆመ ይመስለዋል፤ ዋና ሥራው ግን አየር መግታት ነው።

አሮጌ ኮርኒስ ሲነቀል ለዓመታት የተጠራቀመ አቧራ ይነሣል። አስፐርጊለስ የተባለው ፈንገስ ዘሮችም አብረው ይበተናሉ። የአንዱ ዘር ስፋት ከ2 እስከ 3.5 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ አየር ላይ ረጅም ሰዓት ይንሳፈፋል፤ ሲተነፍሱትም ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። ጤነኛ ሰው በየቀኑ ይስበዋል፣ ምንም አይሆንም። መቅኔ የተተከለለትን ወይም በካንሰር መድኃኒት ነጭ የደም ሕዋሱ የተመናመነበትን ታካሚ ግን ሊገድለው ይችላል።

ስለዚህ በአሜሪካ ሆስፒታሎች መዶሻ ከመነሣቱ በፊት «ኢክራ» የሚሉት የኢንፌክሽን ስጋት ግምገማ ይደረጋል። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፦ ሥራው ምን ያህል አቧራ ያስነሣል? ጎረቤቱ የተኛው ማን ነው? መልሱ የጥንቃቄውን ደረጃ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2022 በተሻሻለው አሠራር ደረጃዎቹ ከአራት ወደ አምስት አድገዋል።

ግድግዳው እንደ ሥራው ይለያያል። ለአጭር ጊዜ ጥገና እሳት የሚቋቋም ላስቲክ ይወጠራል። ወራት ለሚፈጅ ሥራ ጂፕሰም ቦርድ ይቆማል፤ ችግሩ እሱ ራሱ ሲቆረጥም ሲፈርስም አቧራ ማስነሣቱ ነው። ተገጣጣሚው ፓነል ይህን ያስቀራል፤ ተወልውሎና ተነቅሎ ሌላ ቦታ ዳግም ይተከላል።

ሆኖም ግድግዳ ብቻውን አይበቃም። የሥራው ቦታ የአየር ግፊት ከመተላለፊያው ቢያንስ በ2.5 ፓስካል ማነስ አለበት። ለዚህም ሄፓ ማጣሪያ የተገጠመለት ማራገቢያ አየሩን ከውስጥ ይስባል። ማጣሪያው 0.3 ማይክሮን ከሚያክሉ ብናኞች 99.97 በመቶውን ያስቀራል። ግፊቱ ሲያንስ አየር ከታካሚዎች ወደ ፍርስራሹ እንጂ ከፍርስራሹ ወደ ታካሚዎች አይነፍስም። ማራገቢያው ከቆመ ግን ግድግዳው ከመጋረጃ ብዙም አይሻልም። መግቢያው ላይም ትንሽ ክፍል ይሠራል፤ ሠራተኛው እዚያ ቱታውን ያወልቃል፣ የጫማውን አቧራ የሚይዝ ተጣባቂ ምንጣፍ ላይ ይረግጣል። ፍርስራሹ የሚወጣው ተሸፍኖ ነው።

በቀላሉ የሚዘነጋው ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍተት ነው። ግድግዳው ኮርኒሱ ላይ ካበቃ አቧራው በላዩ ተሻግሮ ታካሚው ክፍል ይወርዳል። ስለዚህ መከለያው እስከ ሶሌታው መድረስ፣ የቱቦና የሽቦ ቀዳዳዎችም መደፈን አለባቸው።

ታማሚ ልትጠይቁ ሄዳችሁ እንዲህ ያለ ግድግዳ ካያችሁ በሩን ገልጣችሁ አትመልከቱ፣ አቋራጭም አታድርጉት። ተከፍቶ የተተወ በር ወይም መተላለፊያው ላይ አቧራ ካያችሁ ግን ሳታመነቱ ለነርሷ ንገሩ።