«ዴት» የማን ቀን ነው?

በአንድ የኦንላይን ሱቅ ዳታቤዝ ውስጥ «ትዕዛዞች» የሚባል ሰንጠረዥ አለ እንበል። ከአምዶቹ አንዱ «ዴት» ይላል። ደንበኛው ያዘዘበት ቀን ነው? የከፈለበት? ወይስ ዕቃው እጁ የገባበት? ሰንጠረዡን የሠራው ባለሙያ ሥራ ከለቀቀ ተተኪው መልሱን ከኮዱ ውስጥ ይቆፍራል።

ዴንማርካዊው ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ፣ ሩቢ ኦን ሬይልስ፣ ለዚህ ችግር አንድ ልማድ አስፋፍቷል። መዝገቡ የተፈጠረበት ጊዜ «ክሪኤትድ_አት»፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበት ደግሞ «አፕዴትድ_አት» ይባላል። አምዶቹ እነዚህን ስሞች ከያዙ ሬይልስ ራሱ ይሞላቸዋል። የስሙ ጅራትም ሥራ አለው፦ «_አት» ቀንን ከነሰዓቱ፣ «_ኦን» ቀንን ብቻ ያመለክታል። «ፔይድ_አት»ን ያየ ፕሮግራመር ሰዓትና ደቂቃ ይጠብቃል፤ «ቦርን_ኦን»ን ያየ አይጠብቅም። ላራቬል የተባለው ሌላ ማዕቀፍ በበኩሉ ለተሰረዙ መዝገቦች «ዲሊትድ_አት»ን ይጠቀማል። አምዱ ባዶ ከሆነ መዝገቡ በሥራ ላይ ነው፤ ከተሞላ እንደተሰረዘ ይቆጠራል፣ መቼ እንደተሰረዘም ይታወቃል። «ተሰርዟል፦ አዎ» ከሚል አምድ ይህ እጅግ ይሻላል።

«አፕዴትድ_አት» ግን ያሳስታል። የክፍያ ሪፖርቱን በእሱ ላይ የመሠረተ ሰው፣ አንዱ ሠራተኛ የደንበኛውን ስልክ ቁጥር ባረመ ቁጥር የከፈለበት ቀን ሲዘል ያያል። ለክፍያ የራሱ አምድ ይገባዋል።

ቁጥር ብቻ የሚያስቀምጡ አምዶች ደግሞ መለኪያቸውን በስማቸው ቢይዙ ይበጃል። የዩኒክስ ሰዓት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ይቆጥራል፤ ጃቫስክሪፕት በሚሊሰከንድ። ሚሊሰከንዱን እንደ ሰከንድ ያነበበ ፕሮግራም የዛሬን ትዕዛዝ ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ወደፊት ያስቀምጠዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። የዳታቤዝ የቀን ዓይነት የሚያውቀው የጎርጎርዮሳውያንን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. «2017-02-30» ተብሎ ቢገባ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ አይቀበልም፤ ፌብሩዋሪ 30 የላትማ። ይህ እንኳን ደግ ነው፣ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። ሚያዝያ 12 ግን «2017-08-12» ሆኖ ያለ ተቃውሞ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚያነበው ኦገስት 12ን፣ ከእውነተኛው ቀን 7 ዓመት ከምናምን የራቀውን ነው። በሀገሩ አቆጣጠር መመዝገብ የግድ ከሆነ ቀኑ በጽሑፍ ዓይነት አምድ ይቀመጥ፤ አቆጣጠሩም በአምዱ ስም ላይ ይጻፍ።