ያውቁ ኖሯል? ሣር የያዘው መሬትና የታረሰው መሬት

ጣርማ በር የተባለው የተራራ መተላለፊያ የውኃ መለያያ ነው። በምዕራብ የሚወርደው ዝናብ ወደ ዓባይ ገባሮች ያዘነብላል። በምሥራቅ ገደሉን የሚንደረደረው ደግሞ እንደ ሮቢ ባሉ ወንዞች ይፋትን አቋርጦ ወደ አዋሽ ያቀናል። በሁለቱም በኩል አፈር አብሮ ይሄዳል።

ምን ያህል? ከጣርማ በር ብዙም ሳይርቅ፣ በደሴ መንገድ ዳር፣ አንዲት ጥድ የተባለ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አለ። ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካቋቋሟቸው አንዱ ነው። የዚያን ፕሮግራም የመሩት ሃንስ ሁርኒ ለመላ አገሪቱ ባወጡት ግምት የታረሰ መሬት በየዓመቱ በሄክታር 42 ቶን ገደማ አፈር ያጣል፤ የግጦሽ መሬት ግን 5 ቶን ብቻ። ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ያህል ነው!

ምክንያቱ የሣሩ ሽፋን ነው። ቅጠሉ የዝናቡን ጠብታ ጉልበት ይሰብራል፣ ሥሩ አፈሩን ጨምድዶ ይይዛል። ለጤፍ ተደጋግሞ የለሰለሰ ማሳ ግን የሐምሌን ዶፍ የሚቀበለው ራቁቱን ነው። ስለዚህ ተዳፋት ላይ ያለ የግጦሽ መሬት «ባዶ መሬት» ተብሎ መታረሱ እጅግ ያሳዝናል። ሣሩም ቢሆን እስከ ሥሩ ከተጋጠና በከብት ኮቴ ከተረገጠ መከላከሉ ይዳከማል። ያኔ ደለሉ ቆላ ወርዶ የመስኖ ቦይ ይደፍናል።