ሆድ ሲተረጎም

እናቴ አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው፤ አሜሪካ የተወለደው የእህቴ ልጅ ደግሞ አማርኛም አይሰማም። ጥር 23 ለፈረሰኞች በዓል ከዳንግላ እንጅባራ ሄጄ በስልክ አገናኘኋቸው። እናቴ ድምፁን ስትሰማ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» አለች። እኔም ቸኩዬ በእንግሊዝኛ «ሆዷን አሟታል» አልኩት። ልጁ ደንግጦ «ሐኪም ቤት ውሰዳት!» አለኝ። ስነግራት ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ።

የእኛ ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ አይደለም። ምሥጢር በሆድ ይያዛል፤ ያዘነ ሰው ሆድ ይብሰዋል፤ የሚወዱት ልጅም «ሆዴ» ይባላል። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ልብን ይጠራል። ስለዚህ «አያትህ ናፍቀሃታል» ብዬ አስተካከልኩ።

ልጁ ጥቂት ዝም አለና ቃሉን አስጠንቶኝ ጠራት፤ «ሆዴ!» ይህን ማንም አልተረጎመላትም።