ስለ ጉበት የውሃ ከረጢት በሽታ

በጢስ ዓባይና በጣና ዳር የምትኖሩ እናቶች ሆይ፥ በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ከደጃችሁ ውሻ አይጠፋም። አራጁ ሳንባውንና ጉበቱን ገልብጦ ሲያይ አንዳንድ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ነጭ እባጭ ያገኝበታል፤ «ይኸስ ለሰው አይሆንም» ይልና ለውሻው ይወረውርለታል። ዛሬ የምንነግራችሁ በሽታ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በእባጩ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ የትል ራሶች አሉ። ውሻው ሲበላቸው በአንጀቱ አድገው ከሩዝ ቅንጣት የማይበልጡ ትሎች ይሆናሉ። ከ7 ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላላቸው ከውሻው ዐይነ ምድር ጋር ይወጣና በሣሩ፥ በጎመኑ፥ በውሻው ጠጉርም ላይ ይቀራል። በጉ ሲግጥ ይውጠዋል፤ ቡችላ ያቀፈ ሕፃንም እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንዲሁ ይውጠዋል።

ብዙ ሰው «ከጥሬ ሥጋ ነው የሚመጣው» ይላል። ጥሬ ሥጋ የሚሰጠን ኮሶ ግን ሌላ ትል ነው። ይኸኛው ዱለት በመብላት አይያዝም፤ እንዲህ ስንል ግን ጥሬ ሥጋ ብሉ ማለታችን አይደለም።

የተዋጠው እንቁላል በአንጀት ተፈልፍሎ በደም ይሄዳል። ከ10 በሽተኞች በ7ቱ ያህል ጉበት ላይ ያርፋል፥ አለዚያ በአብዛኛው ሳንባ ላይ። እዚያ ከረጢት ሠርቶ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ በልጅነት የተዋጠው በጉልምስና ሊታወቅ ይችላል። ያን ጊዜ ከቀኝ ጎድን በታች ይከብዳል፥ ያብጣል፤ ቤተ ሰቡም «ብርድ ነው» ይላል። የሐሞቱን መንገድ ከዘጋው ዓይን ቢጫ ይሆናል።

እዚህ ላይ አደራ እንላለን፤ እብጠቱን አታሹት፥ አታስተኩሱት፥ በመንደርም በመርፌ አታስወጉት። ከረጢቱ ከፈነዳ ሰውነት በድንገት ተቆጥቶ ትንፋሽ ያጥራል፥ ሊገድልም ይችላል። ሰውየው ቢተርፍ እንኳ የፈሰሱት ራሶች በሆድ ዕቃው ውስጥ በየቦታው አዲስ ከረጢት ይሆናሉ።

ከጢስ ዓባይ ባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሆድን በአልትራሳውንድ ያያሉ፤ አያምም፥ ነፍሰ ጡርንም አይጎዳም። ሐኪሙ ከረጢቱ ጥሩ ውሃ ብቻ መያዙን፥ ሌሎች ትናንሽ ከረጢቶች መውለዱን፥ ወይም ደርቆ መጠንከሩን ይለያል። እንግዲህ ሁሉም በቢላዋ አይቀደድም። የደረቀው በየጊዜው እየታየ ይተዋል። ከ5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠው በአልቤንዳዞል ብቻ ከ3 እስከ 6 ወር ሊታከም ይችላል። እርጉዝ ከሆናችሁ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ መድኃኒቱ ለጽንስ አይስማማም።

ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ለትልቁ፥ ልጆች ለያዘውና ሊፈነዳ ለቀረበው ነው። በሽተኛው በማደንዘዣ ይተኛል፤ ምንም አይሰማውም። ሐኪሙ በከረጢቱ ዙሪያ በብርቱ የጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ ይጎዘጉዛል፤ ጠብታ እንዳያመልጥ ነው። ከዚያ ውሃውን መጥጦ ነጩን ሽፋን ከጉበቱ ላይ አላቅቆ ያወጣል። አልቤንዳዞሉ ከቀዶው በፊትም በኋላም ይወሰዳል። «ድኛለሁ» ብሎ መቅረት የለም፤ በሽታው ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ቀጠሮው ይከበር።

በቤታችሁስ? እባጭ ያለበትን ሥጋ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ፤ ለውሻ መስጠት ካለባችሁ 30 ደቂቃ ቀቅሉት። ጎመኑን እጠቡ፥ ልጆቹንም ከመብላታቸው በፊት በሳሙና አስታጥቡ። ከእንስሳት ክሊኒክ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን መድኃኒት ለውሻችሁ በየሦስት ወሩ አሰጡት። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልምና፥ ውሻውን ሁለት ቀን አስራችሁ ዐይነ ምድሩን አቃጥሉት ወይም ቅበሩት።